በሶ ምግብ ነው ወይስ መጠጥ?

ሥራዬ ማደንዘዣ መስጠት ነው። ደሴና ዙሪያዋ ለቅሶም ልድረስ ሰርግ፣ ይህን ያወቀ ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ ጥያቄው አይቀርም። «ተኝቶ ሳይነቃ የቀረ አለ ይባላል፣ እውነት ነው?» ይለኛል አንዱ። ሌላው ጠጋ ብሎ «ሰው ተኝቶ ምስጢር ያወጣል የሚሉትስ?» ይላል። ለሁለተኛው ስቄ አልፋለሁ። ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ ወስዶ የሚነቃ ሰው ምን ምን እንደሚል የማውቀውን አውቃለሁ። ግን የኦፕሬሽን ክፍል ወሬ እዚያው ይቀራል።

ሰው የሚፈራው መርፌውን ነው። መድኃኒቱ ይበዛብኛል፣ ልቤን ያቆመዋል ብሎ ይሰጋል። አይፈረድበትም። እኔ ግን ታካሚው ገና በር ላይ ሳለ የማስበው ስለ ሆዱ ነው። ውስጡ ምን አለ? መቼ ገባ? ወርዶ አልቋል ወይስ እዚያው ተቀምጧል? ይህን ሳላውቅ ሰው ማስተኛት አልወድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምግብ ቧንቧና የአየር ቧንቧ ጉሮሮ ላይ ተጠጋግተው ነው ያሉት። ነቅተን ሳለ አንዲት ጠብታ ውኃ በአየሩ በኩል ልግባ ብትል ትን ይለናል። እናስላለን፣ ዓይናችን እንባ ያቀራል፣ አጠገባችን ያለው ሰው ጀርባችንን መታ መታ ያደርጋል፣ አለቀ። ሙሉ ማደንዘዣ ይህንን ትንታ ያጠፋዋል። በዚያ ላይ ጨጓራን ከላይ ዘግቶ የሚይዘውን ጡንቻ ያላላዋል። ስለዚህ ጨጓራው ውስጥ ያለው ነገር ሽቅብ ሲመጣ ማንም የሚያስቆመው የለም። እንደ ትውከት «ኡእ» አይልም፣ ሆድ አይጨማተርም። ዝም ብሎ ይወጣና ጉሮሮ ላይ ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ጠጣር ምግብ ከሆነ ያንቃል። ፈሳሹ ብቻ ከሆነ ደግሞ አሲዱ ሳንባውን ያቃጥለዋል።

ይህ ፍርሃት ከማደንዘዣ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1848 እንግሊዝ ውስጥ ኒውካስል አጠገብ ሃና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ የእግር ጥፍሯን ልታስነቅል ክሎሮፎርም ተሰጣት። ወዲያው ተዳከመች። ሐኪሙ ያነቃታል ብሎ ውኃና ብራንዲ አፏ ውስጥ ጨመረ። ሞተች። የለንደኑ የማደንዘዣ ሐኪም ጆን ስኖው ልቧን ክሎሮፎርሙ ነው ያቆመው አለ። ክሎሮፎርምን ያስተዋወቀው ሲምፕሰን ደግሞ የለም፣ ብራንዲውና ውኃው ነው ያነቃት ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። የጥፍር ነገር ነበር እኮ።

ነገሩን በቅጡ የጻፈው ግን ከርቲስ ሜንደልሰን የሚባል የኒውዮርክ የማህፀን ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1946። ከ1932 እስከ 1945 የነበሩ 44,016 እርግዝናዎችን መዝገብ አገላብጦ፣ በማደንዘዣ ጊዜ የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባቸው የገባ 66 እናቶች አገኘ። ሁለቱ ጠጣር ምግብ አንቋቸው ሞተዋል። ከዚያ ጥንቸል ላይ ሞከረ። አሲድ ያለው ሲገባ ሳንባው ይቃጠላል፣ አሲዱ ሲረክስ ጉዳቱ ያንን ያህል አይሆንም። ከመከራቸው ምክሮች ብዙዎቹ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት በምግብ አታጭቋት፣ ከተቻለ አታስተኟት፣ አሲዱን አርክሱት፣ ጨጓራውን ባዶ አድርጉ፣ መምጠጫውንና የሚያዘነብለውን አልጋ አዘጋጁ።

አሁን ወደ እኛ አገር በሶ ልምጣ።

አንዲት አያት ከኩታበር ወዲያ ካለ ገጠር የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ቡአ አለበት፣ አምስት ወይ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጠሮው ቀደም ብሎ የተያዘ፣ የማያስቸኩል ሥራ። ካርዱ ላይ ጾሙን እንዳደረ ተጽፏል። እኔም እንደ ልማዴ ጠየቅኩ።

«እናቴ፣ ልጁ ምን በላ?»

«ኧረ ምንም! ከማታ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም። አታብሉት ብላችሁ የለ!»

ልጁን አየሁት። ከንፈሩ ጥግ ላይ የደረቀ ቡኒ ነገር አለ። ጎንበስ ብዬ፣ አያቱ እየሰሙ፣ «ጎበዝ፣ በሶው ስኳር ነበረው?» አልኩት።

«ማር» አለኝ።

አያት ደነገጡ። ግን አላፈሩም። «ልጄ፣ እሱ ምግብ ነው እንዴ! ጭብጥ አድርጌ አላጎረስኩትም። በጥብጬ አፉን አረጠብኩለት እንጂ። በሶ መጠጥ ነው» አሉኝ። አነጋገራቸው እኔን የሚያታልል ሰው አነጋገር አይደለም። እውነታቸውን ነው። ከቤታቸው በሌሊት ወጥተዋል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ደሴ ብርድ ናት። ልጅ በባዶ ሆዱ ከቤት አይወጣም።

እኔ የያዝኩት ሐሳብ ይህ ነው። ታካሚው ዋሸ ብለን እናማርራለን። ብዙ ጊዜ አልዋሸም። ስንጠይቀው የመለሰልን እኛ ያሰብነውን አይደለም፣ እሱ የገባውን ነው። «አታብሉት» ብሎ የነገራቸው ሰው ምክንያቱን አልነገራቸውም። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ትእዛዙን በርኅራኄው ያስተካክለዋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ይሄ ነገር ከሌላው አገር ይጠናል ባይ ነኝ። የ1966ቱን ሰምተናል። የ1977ቱን ልጅ ሆና ያየች ሴት ዛሬ አያት ናት። ለእሷ ልጅ ራበኝ እያለ እህል መከልከል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነጭ ጋዎን የለበሰ ወጣት ሁለት ቃል ተናግሮ አያስረሳትም። ቢያንስ ቁጭ ብሎ ማስረዳት አለበት።

አስረዳኋቸው። «እናቴ፣ ሳስተኛው ይህ በሶ ተመልሶ ይመጣል። እሱ ደግሞ ማሳል አይችልም። ሳንባው ውስጥ ይገባበታል» አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ውይ! እንዲህ ነው ብላችሁ ብትነግሩን ምን ነበረበት!» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሥራው ወደ ማግስቱ ተላለፈ። ቀዶ ሐኪሙ አጉረመረመ፣ ያጉረምርም። አያትየው ደሴ ዘመድ ነበራቸው፣ እዚያ አደሩ። በማግስቱ ልጁ ውኃ ብቻ ጠጥቶ መጣ። አያትየው በር ላይ ቆመው ሌላዋን እናት «በሶም አይሆንም፣ ዱቄት ነው ተብለናል» ሲሏት ሰማሁ። ከእኔ የተሻለ አስረዱ።

ሰዓቱን እንግዲህ በግልጽ ልጻፈው። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለጤነኛ ሰውና ላልቸኮለ ሥራ የሚለው እንዲህ ነው፤ ቁጥሩ ማደንዘዣው ሊሰጥ የሚቀረው ጊዜ ነው። ውኃና ውኃ መሰል ነገር እስከ 2 ሰዓት፣ የእናት ጡት እስከ 4 ሰዓት፣ የላምና የዱቄት ወተት እንዲሁም ቀለል ያለ ምግብ እስከ 6 ሰዓት፣ ሥጋና ቅባት የበዛበት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ። እዚህ ላይ ነው የእኛ ማዕድ ነገሩን የሚያወሳስበው። በመመሪያው በሶ የለም። አጥሚት የለም። ጠላ የለም። ካፌ ውስጥ በማንኪያ የሚበላው የአቮካዶ ጁስም የለም። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። ዱቄት፣ ወተት፣ ፍርፋሪ ካለው ምግብ ነው። በብርጭቆ ቀረበም በዋንጫ ምግብ ነው።

ቡና ግን የምሥራች አለው። ወተት የሌለው ቡና ከውኃ ጋር ነው የሚቆጠረው፤ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ እናቶች አሉ። «ቡና ሳልጠጣ ራሴን ሲያመኝ ያደርኩት በከንቱ ነው በለኛ!» ያለችኝ አለች። አዎ፣ በከንቱ ነው። አተላው ሲኒው ሥር ይቅር እንጂ አቦሏን ብትጠጣ ጉዳት የለውም። ችግሩ ወሎ ቡና ለብቻው የማይጠጣ መሆኑ ነው። አጠገቡ ቆሎ አለ፣ ዳቦ አለ፣ ቂጣ አለ። አቦል ላይ የተጀመረው ቁርስ በረካ ላይ ሲያልቅ ሙሉ ምሳ ሆኗል። ስለዚህ «ቡና ጠጣሽ?» ብዬ አልተውም፣ «ቡናው ቁርሱ ምን ነበር?» እላለሁ።

ፀበልና ዘምዘምም አለ። ጠዋት ከበር ላይ የአንዱ እናት ፀበል ታጠጣዋለች፣ የጎረቤቱ አልጋ ደግሞ ዘምዘም ይቀምሳል። ሁለቱም ውኃ ነው። ለማመን ያህል ቀምሶ የመጣን ሰው አልመልስም። አንድ ጆግ ሙሉ ጠጥቶ የመጣውን ግን አቆየዋለሁ።

ጫት ሌላ ነው። ከቀትር በኋላ ቅሞ ማታ ላይ አደጋ ደርሶበት የሚመጣ ሰው አለን። ጫት የጨጓራን ምግብ ወደ ታች መውረድ እንደሚያዘገይ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ የቃመ ሰው ሰዓቱን በጣቴ ብቆጥርም አላምነውም። ሆዱ ሙሉ ነው ብዬ እነሳለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን ለክብደትና ለስኳር በሳምንት አንዴ የሚወጉት መርፌ፣ እነ ኦዜምፒክ፣ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካው ማኅበር ከኦፕሬሽን በፊት አንድ ሳምንት እንዲያቋርጡ መክሮ ነበር፣ ምክሩ ከዚያ ወዲህ እየተለዘበ ነው። የሚወጋ ሰው ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገር። ከስቷል ብለን አድንቀን ዝም ማለት የለብንም።

ረመዳን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ጾመኛ ነኝ» ብሎ የሚገባ ሰው እውነቱን ነው። ነገር ግን ሱሑሩን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በሥጋ ወጥ ጠግቦ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ 4 ሰዓት ብቻ ነው የሆነው። 8 የሚሞላው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ በረመዳን ቀጠሮ ሲያዝ ስለ ሱሑር አብሮ መነጋገር ይሻላል። ይህንን የሚናገር ሰው ካልተገኘ ሐጂዬ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ነው እንዲወርዱ የሚደረገው።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒም አለ፣ እሱም ያናድደኛል። በብዙ ቦታ ትእዛዙ «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ» ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት። ተራው ጠዋት ሁለት ሰዓት የሆነውም፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት የሆነውም። መጨረሻ የተሰለፈው ልጅ 14 ሰዓት ምላሱ እስኪደርቅ ይቆያል። ሲገባ ያለቅሳል፣ ደም ሥሩ አይገኝም፣ ስኳሩ ይወርዳል። ውኃ ከጨጓራ የሚወጣው በፍጥነት ነው፤ ከጠጡት ግማሹ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ይወርዳል። የአውሮፓ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለልጆች ውኃን ማደንዘዣው ሊሰጥ 1 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ፈቅዷል። እኛ ግን ከሌሊት ጀምሮ እናስጠማቸዋለን። ልጆችን ቀድመን እንሥራ፣ ነርሶች ደግሞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውኃ ይስጡ ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬያለሁ። «ተራው ቢቀደምስ?» ይሉኛል። ይቀደም፤ ውኃ ነው የጠጣው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቀጠሮ ሥራ ነው። የድንገተኛው ግን ሰዓት መቁጠር አይሠራበትም። ሕመምና ድንጋጤ ጨጓራን ያቆሙታል። ከምሳ በኋላ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሰው ሌሊት ብታስተኛው ምሳው እዚያው ሊኖር ይችላል። የሚቆጠረው ከበላበት እስከ ተጎዳበት ያለው ጊዜ ነው፣ ከበላበት እስከ አሁን ያለው አይደለም። ምጥ ላይ ያለች ሴትም እንዲሁ።

ከሁሉም የሚብሰው አንጀቱ የተቋጠረ ሰው ነው። የደጋው ሰው ያውቀዋል። ከተንታ ወይ ከወረኢሉ በኩል ነው እንበል፤ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ በአይሱዙ፣ ከዚያ በአምቡላንስ። ሲደርስ መሽቷል። ሆዱ ተነፍቶ ይጮኻል፣ አፉ ይሸታል። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልበላሁም» ይላል፣ እውነቱን ነው። ግን አንጀቱ ዝግ ስለሆነ የላይኛው ሁሉ ተጠራቅሞ ወደ ጨጓራው ተመልሷል። በአፍንጫው ቱቦ እንከታለን፤ አረንጓዴ ፈሳሽ ይወርዳል። ይህ ሸክሙን ያቃልላል እንጂ ባዶ ነው ብሎ ማመን አይቻልም። ጨጓራን ወደ ታች የሚያራግፈው መድኃኒት፣ ፕላሲል፣ ይሰጠው የሚል ሰው አይጠፋም። አንጀቱ ለተዘጋ ሰው ፕላሲል አይሰጥም።

ይህንን ሰው እንዴት እንደምናስተኛው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሳክሽኑ። የመምጠጫው ጫፍ ትራሱ ሥር በቀኝ እጄ በኩል ይገባል፣ ተከፍቶ ነው የሚገባው። ሲስ ሲል ካልሰማሁት አልጀምርም። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፣ ግን ያች ጊዜ ልክ ጉሮሮ ሲሞላ ከመጣች ረጅም ናት። ስለዚህ በእግር የሚረገጠው አሮጌ መምጠጫ ከጠረጴዛው ሥር ይቀመጣል። አዲስ ልጆች ሲመጡ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ይገባቸዋል።

ከዚያ ጀርባውን ቀና እናደርገዋለን። ተንጋሎ ከተኛ ሰው ይልቅ ቀና ካለ ሰው ላይ ሽቅብ መምጣት ይከብደዋል። ኦክስጅን በጭንብል፣ ሳይላቀቅ 3 ደቂቃ። «አባቴ፣ በደንብ ይተንፍሱ፣ አብሽር» እንላለን። 3 ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም ለቸኮለ ቡድን በጣም ይረዝማል። ቀዶ ሐኪሙ ታጥቦ፣ እጁን አንስቶ፣ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ጥሎ ይጠብቃል። ይጠብቅ። ያ ኦክስጅን ነው በኋላ ትንፋሹ ሲቆም የሚያቆየው።

ከዚያ ኬታሚን፣ ወዲያው ተከትሎ ሳክስ። ሳክስ የምንለው ሱክሳሜቶኒየም ነው፤ ጡንቻን ሁሉ አላልቶ ትንፋሽንም የሚያቆም መድኃኒት። በተለምዶ ሰው ካስተኛን በኋላ በጭንብል እየገፋን እናስተነፍሰዋለን። እዚህ ግን በተቻለ መጠን አንገፋም፤ አየሩ ጨጓራ ገብቶ ያለውን ሽቅብ ያመጣዋል። እጃችንን ሰብስበን እንጠብቃለን። ቅንድቡ ይርገበገባል፣ ጉንጩ፣ ትከሻው፣ ከዚያ እስከ እግር ጣቱ ድረስ ጡንቻው ቆዳው ሥር ይራወጣል። ሲቆም፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ጉሮሮን ገልጦ የሚያሳየው ላሪንጎስኮፕ ይገባል፣ የመተንፈሻ ቱቦው ይገባል፣ የቱቦው ፊኛ ይነፋል። ፊኛው ሲነፋ የአየር ቧንቧው በቱቦው ዙሪያ ተዘጋ፣ ከላይ የሚመጣው ቢመጣም ወደ ታች መንገድ የለውም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚተነፍሰው።

አንድ የቀረ ሰው አለ፤ አንገት የሚጫነው። ብሪያን ሴሊክ የሚባል የለንደን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1961 ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ያለውን ክብ ልም አጥንት ወደ ኋላ መጫን የምግብ ቧንቧውን ይዘጋዋል ብሎ ጻፈ። ያሳየው በ26 ሰው ላይ ነው። ዓለም ሁሉ ተቀበለው፣ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ሕግ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፈረንሳዮች 3,472 ሰው ላይ አወዳደሩት። ግማሹን በእውነት ጫኑት፣ ግማሹን እንደ መጫን ብቻ አደረጉለት። ወደ ሳንባ የገባባቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል እኩል ሆኑ፤ በተጫኑት 10፣ ባልተጫኑት 9። ጥናቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ጉዳዩን ዘግቶታል ለማለት አልበቃም። ግን የሴሊክን ነገር እንደ ታቦት ለያዝነው ሰዎች ጥሩ አልነበረም።

እኔ አሁንም አስጫናለሁ። ግን አልከራከርለትም። የሚጫነው ሰው ብዙ ጊዜ ማንቁርቱ ላይ ይጫናል፣ ወይ ኃይሉን አይመጥነውም፣ ወይ ቱቦው ሳይገባ ሰው ጠርቶት እጁን ያነሳል። ጉሮሮው ካልታየኝ «ልቀቀው» እላለሁ፣ ይለቀዋል። የማላየውን መንገድ ለመዝጋት ብዬ የማየውን አላጣም።

እናቶች ጋ ስንመጣ ግን ትልቁ መፍትሔ አለማስተኛት ነው። ወገብ ላይ በሚሰጠው መርፌ ከወገብ በታች ትደነዝዛለች፣ ትንታዋ ግን ከእሷ ጋር ነው። ብታስመልስ ራሷን ዘወር አድርጋ ትተፋለች። በኦፕሬሽን የሚወልዱ እናቶቻችን ብዙዎቹ ዛሬ እንዲህ ነው የሚወልዱት። «ልጄ ሲወጣ ልሰማ ነው እንዴ? አልፈልግም፣ አስተኙኝ» የምትለዋን ቁጭ ብዬ አሳምናታለሁ። ደም እየፈሰሳት ከመጣች ወይ ጊዜ ከሌለ ግን ማስተኛት ግድ ይላል። ያኔ አሲዱን የሚያረክስ 30 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሲትሬት ቢጠጡ ጥሩ ነበር። መድኃኒት ቤት ሲኖር እንሰጣለን፣ ሳይኖር ሲሜቲዲን ወይ ኦሜፕራዞል፣ ከፕላሲል ጋር።

ምጥ ላይ ይብሉ አይብሉ የሚለው ላይ ከሜንደልሰን ዘመን ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ስጋት የሌለባት እናት ምጥ ላይ ብትጠጣ፣ ብትበላ አትከልክሏት ይላል። እኔም እቀበለዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ ያደረች ሴት ጉልበት ትፈልጋለች። ጤና ጣቢያ ባሉት የእናቶች ማቆያዎች ገንፎውም ቡናውም መኖሩ እሰየው ነው። አዋላጇን የምለምናት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሪፈር ልትጽፍ ብዕር ካነሳች፣ ገንፎው እዚያ ላይ ይቁም፣ የመጨረሻውን የቀመሰችበትን ሰዓትም ወረቀቱ ላይ ትጻፍልኝ። ብዙ ወረቀት ይመጣል፤ የደም ግፊት አለ፣ የልጁ ልብ ምት አለ፣ የገንፎው ሰዓት የለም።

ሁሉን አድርገን የጨጓራው ነገር ሽቅብ ከመጣስ? ይመጣል። ብሪታኒያ ውስጥ ያለው ሁሉ መሣሪያ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አገር አቀፍ ምርመራ በማደንዘዣ ጊዜ ከአየር መንገድ ችግር ጋር ለተያያዘ ሞት አንደኛው ምክንያት ይሄው ሆኖ አግኝቶታል። ሲመጣ የጠረጴዛውን ራስ ዝቅ ማድረግ፣ ወደ ጎን ማዞር፣ መምጠጥ። ኦክስጅን ከመግፋት በፊት መምጠጥ፤ አለበለዚያ ራሳችን ወደ ሳንባ እንገፋዋለን። ከዚያ ቱቦ አስገብቶ በቱቦው ውስጥ መምጠጥ። ወዲያው አንቲባዮቲክ መወጋት ግን ልማድ እንጂ ሕክምና አይደለም። አሲድ ያቃጠለው ሳንባ ገና ጀርም አልያዘውም። 2 ሰዓት ያህል ሳያስለው፣ ኦክስጅኑ ሳይወርድ፣ ሳንባው ሳያፏጭ ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያልፋል።

ሰው የሚዘነጋው ደግሞ መጨረሻውን ነው። ሆዱ ሙሉ የነበረ ሰው ኦፕሬሽኑ ስላለቀ ባዶ አይሆንም። ስፌቱ ሲያልቅ ሁሉም ጓንቱን ያወልቃል፣ ወሬ ይጀመራል፣ «ቱቦውን አውጣና እንሂድ» ይባላል። እኔ አላወጣም። ዓይኑን ይግለጥ፣ ስጠራው ይመልስ፣ እጄን ጨብጥ ስለው ይጨብጥ፣ በቱቦው ላይ ራሱ ይሳል። ያኔ በጎኑ አድርጌ አወጣዋለሁ። በዚህ ምክንያት «ዝግተኛው» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ይሁን።

ከዚያ የመብላቱ ጥያቄ ይመጣል። በወገብ መርፌ የወለደች፣ ነቅታ የምታወራ እናት፣ አልጋዋ ላይ ደርቃ ስትጠብቅ አገኛታለሁ። ቤተሰቦቿ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዘው ኮሪደር ላይ ቆመዋል። «ጋዝ ይውጣላት እስኪባል ነው» ይሉኛል። የሆድ ጋዝ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ካላስመለሳት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለች ትጠጣ፣ ትቅመስ እላለሁ። የክፍሉ ኃላፊ «እኛ የምናውቀው ጋዝ እስኪወጣ ነው» ትለኛለች። ጥናቶቹን አትሜ ሰጥቻታለሁ። «አየዋለሁ» ብላኛለች። ሌላ ቀን ስሄድም ፔርሙዙ ኮሪደር ላይ ነው።